ከሲንኩ ሥር የተነጠፈ ወረቀት

እናቴ “እርስዎ” ትለው የነበረውን ሰውዬ “አንተ” ያለችው ማክሰኞ ቀን ነው። ማክሰኞ መሆኑን የማልረሳው፣ የሒሳብ የቤት ሥራ የሚሰጠን ማክሰኞ ስለሆነ ነው፤ ትምህርት የነበረን ጠዋት ብቻ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ቤት እውላለሁ። የወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ የሒሳብ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ሰውዬው ከሲንኩ ሥር በጀርባው ተንጋሏል፤ የሚታየኝ ከወገቡ በታች ብቻ ነው። እናቴ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ጎንበስ አለችና፣

“በል ውጣና ጠጣ፤ ይቀዘቅዝብሃል” አለችው።

እርሳሴ ደብተሩ ላይ ቆመ። ከሲንኩ ሥር ያሉት እግሮችም መንቀሳቀሳቸውን አቆሙ። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

“አስቀምጪው፤ መጣሁ።”

ቅዳሜ ዕለት “እመቤቴ፣ አይቸገሩ” ሲል የዋለ ሰው ነው እንግዲህ!

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴን “አንቺ” የሚላት ሰው በዓለም ላይ ሦስት ብቻ መሆኑን ቆጥሬ አውቅ ነበር፤ እኔ፣ አክስቴ እና ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ። አራተኛ ያስፈልጋታል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አባቴ የሞተው እኔ ገና በዳዴ ስሄድ ነው። ፊቱን የማውቀው ከፎቶ ላይ ነው፤ ይናፍቀኝ ነበር ብዬ አልዋሽም። ቤታችን አንድ ክፍልና አንድ ወጥ ቤት ነበረ። አልጋው አንድ፣ ብርድ ልብሱ አንድ፣ እናቴም አንድ። ድንች ስትጠብስ ከመጥበሻው ጠርዝ ላይ ተጣብቆ የሚቀረውን፣ ቡናማ ሆኖ ጥርስ ሥር ቅርሽም የሚለውን ፍርፋሪ በማንኪያ ፍቃ የምትሰጠው ለእኔ ነበር። አንድ ቀን አክስቴ እጇን ስትሰድ፣ “ተይ፣ እሱ ባለቤት አለው” ብላታለች። ባለቤቱ እኔ ነበርኩ።

ሲንኩ ቤታችን የገባው እናቴ የሰፈሩን ክሊኒክ ሠራተኞች ምሳ ለማብሰል ስለተስማማች ነው። ከጤና ቢሮ የተላከችው ተቆጣጣሪ መጥታ ወጥ ቤታችንን አየች። የፕላስቲክ ሳፋችንን እንዳይነካካት በእስክሪብቶዋ ጫፍ ገፋ አደረገችው።

“በዚህ የራስዎን ሳህን ይጠቡበት። ለሰው ከሆነ ግን አንዱ ገንዳ ማጠቢያ፣ አንዱ ማለቅለቂያ፣ አንዱ በበረኪና መንከሪያ ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ሦስት ሆኖ ይጠብቀኝ” ብላ ሄደች።

እናም በሁለት ሰው ሸክም አንድ ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ሦስት ገንዳ ሲንክ መጣ። ከአልጋችን ይረዝም ነበር። “እኛ ሁለት ሰው ነን፤ ሦስተኛው ገንዳ የማን ነው?” ብዬ ስጠይቃት እናቴ ሳቀች እንጂ አልመለሰችልኝም።

ቧንቧ ሠራተኛው የመጣው በማግሥቱ፣ ዓርብ ነው። ሰፈሩ “ውሃ ልክ” ይለዋል። በሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሰው እስክሪብቶ በሚይዝበት ቦታ ትንሽዬ ውሃ ልክ ይዞ ስለሚዞር ነው፤ ያቺ መሐሏ ላይ አረንጓዴ ፈሳሽና አንዲት አረፋ ያለባት መለኪያ። ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ያስቀምጣታል። የመጀመሪያ ቀን እንኳን ሊቀመጥ ሲል አግዳሚያችን ላይ አደረጋትና አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

“ወደ ግራ ያዘነብላል” አለ።

“ባለቤቱም ወደ ግራ ናት፤ አይፍረዱበት” አለች እናቴ።

ሰውዬው ሳቀ። እናቴም አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። እኔ አግዳሚውን አየሁት። ዕድሜ ልኬን ስቀመጥበት ምንም አላዘነበለብኝም።

እኔን “አለቃ” ይለኝ ነበር። “አለቃ፣ መሮውን አቀብለኝ።” “አለቃ፣ ምን ይመስልሃል፣ ልቁረጠው ወይስ ልተወው?” ያሾፈብኝ ስለመሰለኝ አንድም ቀን አልመለስኩለትም።

ሥራው እንዳሰቡት ቀላል አልሆነም። ሦስቱን ገንዳዎች አገናኝቶ የመጀመሪያውን ገንዳ ውሃ ሲለቅ፣ ሦስተኛው ገንዳ አጓራ፤ ከዚያ የድንች ልጣጭ ያለበት ድፍርስ ውሃ ሽቅብ ተፋ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። እናቴ ትቆጣዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን አጠገቡ ቁጢጥ ብላ፣ “ለምን እንዲህ ይሆናል?” አለችው።

“ይኸውልዎት፣ ሦስት አፍ ነው ያላቸው፤ ጉሮሯቸው ግን አንድ ነው” አለ በጣቱ አየር ላይ እየሣለ። “ወደ ግድግዳው የሚሄደው ቧንቧ ትንሽ ማዘንበል አለበት። የእርስዎ ግድግዳ ላይ ያለው ቀዳዳ ደግሞ ከፍ ብሏል። ስለዚህ አንዱ የጠጣውን ሌላው ይተፋል።”

“ታዲያ ምን ይሻላል?”

“ግድግዳውን ፈንቅዬ ቀዳዳውን ማውረድ ነዋ።”

ቅዳሜና ሰኞ ግድግዳችንን ሲፈነቅል ዋለ። አልጋችን ላይ ሳይቀር አቧራ ገባ። እኔ በልጅ አእምሮዬ ሥራው እንዲረዝምለት ሆን ብሎ ቤታችንን የሚያፈርስ መስሎኝ ነበር። ዛሬ የምሠራው የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው የሚያወሩትን ስሰማ ስለምውል የማን ሥራ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላ ሠራተኛ ቢሆን ተጣጣፊ ቱቦ አጥፎ ይሰካና ግማሽ ቀን ሳይሞላው ይሄድ ነበር። በወሩ ይደፈናል። እሱ ግን ግድግዳውን ፈነቀለ።

ማክሰኞ ሁሉም ተገጣጠመ። የ“አንተ” ማክሰኞ ማለት ነው። ሻዩን ከጠጣ በኋላ እጁን ጠራረገና ወደ እኔ ዞረ።

“አለቃ፣ ከደብተርህ አንድ ሁለት ቅጠል ታበድረኛለህ? ደረቅ ወረቀት ነው የምፈልገው።”

እናቴ እንቢ ትልልኛለች ብዬ ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ራሷ ደብተሬን ከጭኔ ላይ አንስታ መሐሉን ከፈተችና ቅጠሎቹን ከሽቦው ላይ መዝዛ ሰጠችው። የሒሳብ ደብተሬን!

የሰውዬው የአሠራር ልማድ እንዲህ ነበር። ከእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሥር ወረቀት ያነጥፋል። ከዚያ ሦስቱንም ገንዳዎች አፍ እስከ ገደፋቸው ይሞላል፤ ሦስቱንም ቡሾች በአንድ ጊዜ ይነቅላል። ውሃው እየተንዶቀዶቀ ሲወርድ ዞር ብሎም አያይም፤ ይወጣል።

“አታየውም እንዴ?” አለችው እናቴ።

“ሲያዩት የማያፈስስ ቧንቧ ሞልቷል። ሰው ፊት ጨዋ ይሆናል፤ ዞር ሲሉለት ጉዱን ያወጣል። አንድ ሁለት ብርጭቆ ሻይ እስኪጠጣ መተው ነው። ወረቀት አይዋሽም።”

ሁለቱ ውጪ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። በመካከላቸው የሻይ ትሪ አለ። ሰውዬው የሚያወራው አይሰማኝም፤ የእናቴ ትከሻ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ግን ከኋላ ይታየኛል። ከዚያ እናቴ ተነሥታ ገባችና መጥበሻውን አነሣች። ጠርዙን ፋቀች። ፍርፋሪውን ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን ለእኔ በእጄ ሰጠችኝ፤ ግማሹን ግን በብርጭቆ ማስቀመጫ ሳህን ላይ አድርጋ ወደ ደረጃው ወጣች።

በእጄ የያዝኩትን አልበላሁትም። በሩ አጠገብ የውሃ ባልዲ ነበረ። ጣቴን ነከርኩና ሄጄ፣ ሰው ልብስ ሲተኩስ እንደሚያርከፈክፈው፣ ወረቀቶቹ ላይ ረጨሁ። ተመልሼ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰውዬው ገብቶ ጎንበስ አለ። ወረቀቱን አንሥቶ ወደ ብርሃኑ አደረገው። ደስ የሚለው ፊቱ ሲጨልም አየሁ።

“አፍስሷል” አለ። “ነገ እንደገና ነው።”

እኔ ሒሳቡን ያሰላሁት እንዲህ ነበር፤ ሥራው መጥፎ መሆኑ ሲታወቅ እናቴ ታባርረዋለች። መጥፎ ሥራ ማለት ነገም መምጣት ማለት መሆኑ በፍጹም አልታየኝም። ደብተሬን መሐሉን ከመገንጠላቸው በፊትም ቢሆን በሒሳብ ጎበዝ አልነበርኩም።

ረቡዕ መጣ። ሁሉንም መጋጠሚያ ፈታ፤ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ቀየረ። ሲፎኑን፣ ማለትም ሽታ እንዳይመለስ ውሃ የሚያቁረውን ቆልማማ ቧንቧ፣ አውጥቶ ፀሐይ ላይ እያገላበጠ መረመረው። “ምን ነካኝ?” ይላል ለራሱ። “ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።” እናቴ ያን ቀን ሰማያዊውን ሻሽ አሥራለች። አቧራው ፀጉሯን እንዳይነካው ነው ብዬ አሰብኩ። ሥራ ስትሠራም ከአፏ ሳይሆን ከአፍንጫዋ የሚወጣ ዜማ ነገር ታሰማ ነበር፤ ጥርሷን ያመማት መስሎኝ፣ “እማዬ፣ ጥርስሽን ነው?” አልኳት። ቀላች።

አመሻሹ ላይ ወረቀት ተነጠፈ፤ ገንዳዎቹ ተሞሉ፤ ቡሾቹ ተነቀሉ። ደረጃው ላይ የሻይ ትሪው ከመካከላቸው ተነሥቶ ወደ ዳር ሄዷል። ባልዲው ጋ ቆሜ ሳዳምጥ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

“ለልጁስ ማን ይነግረዋል?” አለ እሱ።

“እኔ። ቀስ ብዬ።”

“ቢጠላኝስ?”

“ልጅ አይደል፤ ይለምድሃል።”

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ የክፍላችን ልጅ እናቱ አገባችና እሱ ሩቅ አገር አያቱ ዘንድ ተላከ። ወንበሩ ላይ ሌላ ልጅ ተቀመጠበት። የሚነግሩኝ ነገር ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። እጄን እስከ አንጓዬ ነከርኩ።

“አፍስሷል” አለ ሰውዬው ሲመለስ። ወረቀቱን ግን ከትናንቱ ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

ሐሙስ ጎማ ሳይሆን ቧንቧውን ራሱን በአዲስ ቀየረው። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ገመድ እየሳበ ሲለካ አገኘሁት። እናቴ የገመዱን ጫፍ ይዛለታለች። እኔን ሲያዩ ሁለቱም ገመዱን ለቀቁት። አልጋውን የት እንደሚዘረጋ እየለካ ነው ብዬ አሰብኩ።

ያን ቀን ልብስ ሰፊዋ በመስኮቷ በኩል አንገቷን አወጣች። መርፌ በከንፈሯ ይዛ ነው የምታወራው።

“የእናንተ ቧንቧ ዛሬም ያፈስሳል እንዴ?”

“ትንሽ ቀርቶታል” አለች እናቴ።

“ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! እኔ ልንገርሽ አይደል? ይሄ ቧንቧ እስክታገቢው ድረስ አይደርቅም።”

“ኧረ ሂጂ! አፍሽን በያዝሽው መርፌ ስፊው።”

“ክር ጨርሻለሁ” አለችና ሳቀች። ከዚያ መርፌውን ከአፏ አወጣች። “እኔ ስቄ አልፈዋለሁ። ሰፈሩ ግን እየሳቀ አይደለም። ‘የሚመላለስበት ምክንያት እየፈጠረ ነው፣ እሷም አውቃ ነው’ ነው የሚሉት። ክሊኒኩ ድረስ እንዳይሰማብሽ።”

የእናቴ ሳቅ ከመሐል ተቆረጠ። መስኮቱን ዘጋችው። ሐሙስ ወረቀት አልተነጠፈም፤ ሰውዬው አዲሱ ቧንቧ የተጣበቀበት ሙጫ አድሮ ይድረቅ ብሎ ሄደ።

ዓርብ ነገሩ አበቃ። ወረቀቱ ተነጥፎ፣ ውሃው ተለቅቆ፣ ሁለቱ ሲወጡ ደረጃው ላይ አልተቀመጡም። እናቴ ቆማ ነው የቀረችው፤ እጆቿን አጣምራለች። እኔ ቸኮልኩ። ስቸኩል እጅጌዬ እስከ ክርኔ ራሰ። ገና ከመውጣቴ እናቴ ብቻዋን ገባች። ከበሩ ጀርባ በስንጥቁ አየኋት። ተንበረከከች። የሻሿን ጫፍ አወረደችና እያንዳንዱን መጋጠሚያ ዙሪያውን ጠረገችው፤ አንዱን፣ ሌላውን፣ ሲፎኑን። ጨርቁን አየችው። ደረቅ ነው። ወረቀቱን አነሣችው። ርጥብ ነው።

ከዚያ ጠራችው። ሲገባ በአጠገቤ አለፈና ቆመ። እጅጌዬን አየ። ከጣቴ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።

“አለቃ” ብሎ ጀመረ፤ ግን እናቴ እንደገና ስለጠራችው ገባ። በሩ ተዘጋ።

የእናቴ ድምፅ ዝቅ ብሎ የሆነ ነገር ጠየቀ። ምን እንዳለች አልሰማሁም። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ያን ጊዜ የእሱ መልስ ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

“እኔ ነኝ።”

እፎይ! አመነ! ሥራውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ማለቱ ነው፤ ሰነፍ መሆኑን በገዛ አፉ ተናገረ። ቀጥሎ የእናቴ ድምፅ ከፍ ብሎ ወጣ።

“በሰው ፊት መሳቂያ አደረጉኝ! ልጅ ያለኝ ሴት ነኝ፤ ስሜ ነው እንጀራዬ። ሁለተኛ እዚህ በር ላይ እንዳላይዎት። ይሂዱልኝ!”

እንዳላይዎት። ይሂዱልኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የጣፈጠኝ ቃል የለም።

ሰውዬው ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። የደብተሬን ቅጠሎች አጣጥፎ በሸሚዙ ኪስ ከውሃ ልኳ ጋር ሲከታቸው አየሁና የባሰ ተናደድኩ፤ ጭራሽ ወረቀቴንም ይዞብኝ ሊሄድ! እናቴ ያንን ወረቀት ደግማ ብታየው ኖሮ ምን እንደምታይበት ያኔ አላወቅኩም። እሱ ግን አውቋል። የቦርሳውን ማሰሪያ የሚያጠብቅ መስሎ አጠገቤ ቁጢጥ አለና በሹክሹክታ ነገረኝ።

“የሚያፈስስ ቧንቧ ጠብታው እየደጋገመ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚወድቀው። በጣት የተረጨ ግን ይበታተናል። ይሄን ያየሁት ረቡዕ ነው፤ ዓይኔን አላመንኩትም እንጂ።”

ይነግርብኛል ብዬ ወደ በሩ አየሁ።

“እናትህን ጠብቃት” አለኝ። ትከሻዬን መታ አደረገና ሄደ።

እኔ አሸንፌ ነበር። ቅዳሜ ተቆጣጣሪዋ መጥታ ሦስቱን ገንዳዎች አይታ ፈረመች። ሲንኩ ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ አፍስሶ አያውቅም። የመጥበሻው ጠርዝ ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ተመለሰ። እናቴ ግን ጥርሷ ዳነላት መሰለኝ፣ ያ ከአፍንጫዋ የሚወጣው ዜማ ቀረ። ሰማያዊውን ሻሽ ዕቃ ማድረቂያ አደረገችው። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት፣ “ቧንቧው ደረቀ?” ስትላት፣ “ደረቀ” ብላ መስኮቱን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። እናቴ ሙሉዋን የእኔ ሆነች፤ ከሙሉዋ ላይ ምኑ እንደጎደለ ግን ልጅ ሆኜ ልለየው አልቻልኩም።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ሱቁ ውስጥ ከተቀጠርኩ አሥር ዓመቴ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ሐሙስ ቀን ጎንበስ ብዬ ጎማ ስቆጥር፣ “አለቃ” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ውሃ ልኳ እዚያው ኪሱ ውስጥ ናት።

“እናትህስ?” አለኝ።

“ደህና ናት።”

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። ሁልጊዜ፣ “እናትህስ?” ይለኛል። ሁልጊዜ፣ “ደህና ናት” እለዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨምርለትም። አንድ ቀን ሳልጠይቀው፣ “እኔ እንኳን ብቻዬን ነኝ፤ ለብቻ ሰው ደግሞ አንድ ሳህን ስለሆነ የሚታጠበው፣ የራሴን ቤት ቧንቧ ሳልጠግነው ኖርኩ” አለኝና ሳቀ። ጎማውን ጠቅልዬ ሰጠሁትና ወደሚቀጥለው ሰው ዞርኩ። ለእናቴ ሱቅ ውስጥ ስለገጠመኝ ሁሉ እነግራታለሁ። ይህን አልነገርኳትም።

ባለፈው እሁድ ጠዋት ሲፎኑ በቅባት ታፍኖ ውሃው አልወርድ ሲል ከሲንኩ ሥር ገባሁና ፈታሁት። እናቴ ሳህን እያደረቀች ከላዬ ቆማለች።

“ከተሠራ ጀምሮ ሲፈታ የመጀመሪያው ነው” አልኳት።

“አሥራ ስድስት ዓመት!” አለች። ሳህኑን እያገላበጠች፣ “ውሸታም ቢሆንም እጁ ግን እጅ ነበር” አለች።

“ማን ነው ውሸታም?”

“ያ ነዋ። ውሃ ልክ።” ስሙን አሥራ ስድስት ዓመት ከአፏ አልሰማሁትም ነበር።

“ምን ዋሸሽ?”

“እኔ ደጅ ለመመላለስ ብሎ ወረቀቱን ገና ሲያነጥፈው በውሃ ያረጥበው ነበር። ሰው እየሳቀብኝ። አንተ ነህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ‘አይደለሁም’ ቢለኝ ላምነው ወስኜ ነው የጠየቅኩት። ዓይኔን እያየ ‘እኔ ነኝ’ አለኝ።”

ከሲንኩ ሥር እንደተንጋለልኩ ቀረሁ። እሷ የሚታያት እግሬ ብቻ ነው። ከዚያ ባልወጣ ደስ ባለኝ። ግን ወጣሁ።

“እኔ ነኝ፣ እማዬ።”

“ምኑን ነው አንተ የሆንከው?”

“ወረቀቱን ያረጠብኩት። ሦስቱንም ቀን። ከባልዲው በጣቴ እየረጨሁ።”

አልጮኸችም። ሳህኑን አስቀመጠችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

“ለምን?”

“ቀናሁ።”

“በምን?”

“በድንቹ።”

አፏን በእጇ ሸፈነች፤ የምትስቅ መስሎኝ ነበር። የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። ስትናገር ድምጿ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

“‘ልጁን ከትምህርት ቤቱ፣ ከጓደኞቹ አናርቀውም፤ ዕቃዬን ይዤ እኔ ነኝ የምመጣው’ ብሎኝ ነበር። ከወጥ ቤቱ ላይ ከፍሎ ለአንተ የራስህ ክፍል ሊያወጣልህ በገመድ ለክቶ ጨርሶ ነበር። መስኮቱ በየት በኩል እንደሚሆን ሁሉ ነግሮኛል።”

ከእጄ ላይ ጥቁሩ ቅባት ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። እሷም አላየችውም፤ እኔም አልጠረግኩትም።

“በሕይወት አለ?” አለችኝ።

“አለ።”

ቀና አለች። “በምን አወቅክ?”

“ሱቅ ይመጣል። ሐሙስ ሐሙስ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ሁለት ዓመት ሆነው።”

ይህን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት እዚህ ላይ መጻፍ አልችልም።

“አግብቷል?”

“አላውቅም” አልኩ። አውቅ ነበር። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደረቴ ውስጥ ባልዲው አጠገብ ቆሞ፣ እጁን ነክሮ ተሰማኝ። እናቴ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም።

“አላገባም” አልኳት። “ብቻውን ነው። ሁልጊዜ ስለ አንቺ ይጠይቀኛል።”

ተነሣችና ወደ ሳህኖቿ ተመለሰች። አንዱን ሳህን ሦስት ጊዜ አደረቀችው። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣

“ሐሙስ ምሳህን ይዘህ እንዳትሄድ። እኔ አመጣልሃለሁ” አለች።

“ሱቅ ድረስ? አንቺ?”

“ምነው፣ እግር የለኝም?”

እሁድ ነበር፤ ለሐሙስ አራት ቀን ይቀረዋል። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ አራቱንም ቀን ስቀና ሰነበትኩ።